በጎ አለን፣ ፈቃዱ ነው የጠፋው

ውጭ አገር ሄዶ በጎ ፈቃደኛ መሆን ወጣትን ያሳድጋል ይባላል። ዓለምን ያያል፣ በራሱ ይተማመናል፣ አገሩ ሲመለስም ስለ ሕዝብ ጉዳይ የሚያስብ ዜጋ ይሆናል ነው የሚሉት። ውሸት ነው አልልም። ግን ይህ ሲወራ የሚታሰበው አንድ ዓይነት ወጣት ብቻ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ጥቂት ወር ቤይሩት መጥቶ ቋንቋ አስተምሮ፣ ምስክር ወረቀቱን ይዞ የሚመለስ። እኛ እዚሁ ከተማ በሰው ቤት የምንሠራው ግን ሁልጊዜ "ተረጂ" ነን።

እስቲ በፈረንጆች 2020 የሆነውን እናስታውስ። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ኮሮና ተጨምሮበት፣ ስንቱ አሠሪ ሠራተኛውን ከነሻንጣዋ ኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥሏት ሄደ። ኦገስት 4 ቀን ደግሞ ወደቡ ፈነዳ። ያን ጊዜ ለወገን ምግብ ካደሉት አንዱ "እኛ ለእኛ በስደት" ነው፤ በ2017 የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሙት ማኅበር። ታዲያ እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ካልተባሉ ማን ሊባል ነው?

ዕድገቱም እኮ ለእኛም አለ። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ቃለ ጉባኤ መጻፍና የመዋጮ ሒሳብ መያዝ የተማርኩት ግን እዚህ፣ በእሁድ ስብሰባ ነው። አገር ቤት እድር ውስጥ ታላላቆቻችን ሲሠሩት የማየውን ሥራ ማለት ነው።

ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። በጎው አለን፤ ፈቃዱ ነው የጠፋው። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ወረቀታችን የታሰረው በአሠሪ ስም ነው። ብዙዎቻችን እሁድ የምንወጣው ማዳም ከፈቀደች ነው። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አስወጥቷታል። የውጭ ዜጋም በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ መምረጥም መመረጥም አይችልም። በ2015 የቤት ሠራተኞች የራሳቸውን ማኅበር ሲያቋቁሙ የሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ከለከላቸው። እንግዲህ ሩዝና ዘይት ማደል ይቻላል፤ ልጅቷ ለምን ተራበች ብሎ ተደራጅቶ መጠየቅ ግን አይቻልም። መጠየቅ የማይችል ደግሞ እጁ ቢያድግም አፉ አያድግም።

የእኛንም ጉድለት ልናገር። እርዳታ የምትቀበለዋን ልጅ ፊቷን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ በጎነት አይደለም፤ እናቷ አገር ቤት ታየዋለች። እሁድ ያልመጣችውንም "ለወገኗ አታስብም" ማለት ይቅር። በር ተቆልፎባት ይሆናል፤ ወይም ስድስት ቀን ቆማ ውላ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ይሆናል። በግድ የሚሠራ በጎ ፈቃድ ሰባተኛ የሥራ ቀን ነው።

ከውጭ የሚመጡትንም አትምጡ አንልም። ግን መምህሩ በየጥቂት ወሩ ሲቀየር እኛም በየጊዜው ከፊደል እንጀምራለን። ከመሄዳቸው በፊት ከእኛው አንዷን አስተማሪ አድርገው ቢሄዱ ትምህርቱ አይቋረጥም።

ማኅበራችንም አንድ ነገር ያድርግ። የእሁድ ሠራተኞቹን ስም፣ የሠሩትን ሥራና የቆዩበትን ጊዜ ይመዝግብ፤ ወደ አገሯ ለምትመለሰው ልጅም ማኅተም ያለበት ወረቀት ይስጣት። ከሻንጣዋ ጋር ይህን ይዛ የምትገባ ልጅ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ኋላ አትቀመጥም። ነገ ልትሰደድ ያሰበችውን የጎረቤት ልጅም ኮንትራትሽን አንብበሽ ፈርሚ ትላታለች።