የማይታጠፈውን ታይምላይን ማጠፍ

ፎቶሾፕ ሌየሮችን በፎልደር መሰብሰብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በ1993 የተወለደው አፍተር ኢፌክትስ ግን ለአሥርት ዓመታት ይህን ሳይሰጥ ኖሯል። በታይምላይኑ ላይ ሌየር ከላይ እስከ ታች ይደረደራል፤ መቶ ሃያ ከሆነ መቶ ሃያ መስመር ነው። የዜና መክፈቻ የሚሠራ አኒሜተር አንዲት ሎጎ ለመነካካት የከተማውን ምስል፣ የብርሃን ጨረሩን፣ እየበረሩ የሚገቡትን ፊደላት ሁሉ አልፎ ይወርዳል፤ መልሶም ይወጣል። ደንበኛው «ሎጎው ትንሽ ወደ ግራ ይጠጋ» የሚለው ደግሞ ሥራው ሊላክ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው።

ፕሮግራሙ ራሱ የሚያቀርበው መፍትሔ ፕሪኮምፕ ነው። የተመረጡት ሌየሮች ተጠቅልለው ሌላ ኮምፖዚሽን ውስጥ ይገባሉ፣ በቦታቸው አንድ መስመር ብቻ ይቀራል። ታይምላይኑ ያምራል፤ ምስሉ ግን ላይተርፍ ይችላል። ጥቅሉ ውስጥ የገባ አድጀስትመንት ሌየር ከእንግዲህ የሚነካው አብረውት የገቡትን ብቻ ነው። ከዳራው ጋር በመልቲፕላይ ሲዋሃድ የነበረ ጥላ የሚዋሃድበትን ያጣል። ስሪዲ ሌየሮችም ኮላፕስ ትራንስፎርሜሽንስ ካልበራላቸው ጠፍጣፋ ይሆኑና የውጪው ካሜራ ጥልቀታቸውን አያየውም። አንድ ኪፍሬም ለማስተካከል ከኮምፕ ኮምፕ መመላለሱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ናል የሚባል የማይታይ ሌየር ሠርቶ ሌየሮቹን በፓረንት ማሰርም እንቅስቃሴን ያስተባብራል እንጂ ዝርዝሩን አያሳጥርም፤ እንዲያውም አንድ መስመር ይጨምራል።

ስለዚህ ታይምላይኑን የሚያጥፍ ስክሪፕት የሚጽፉ ሰዎች ዓይናቸውን የጣሉት ከአጥር በላይ አጮልቆ የሚያይ ሰው በምትመስለው ትንሽ ምልክት፣ በ«ሻይ» (ዓይን አፋር) ማብሪያዋ ላይ ነው። እሷና የታይምላይኑ ዋና የሻይ ማብሪያ ሲበሩ ሌየሩ ከዝርዝሩ ይሰወራል፣ ምስሉ ላይ ግን እንዳለ ይቆያል፤ ሬንደርም ይደረጋል። የማጠፊያ ስክሪፕት ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ ነው፦ የሠሪውን ዓይን ያሳርፋል ወይስ ሳይታወቅ የተመልካቹን ምስል ይነካል?

አፍተር ኢፌክትስ ለስክሪፕት በሩን የከፈተው በ2003፣ በስሪት 6.0 ነው። ቋንቋው ኤክስቴንድስክሪፕት ይባላል፤ መሠረቱም በ1999 የወጣው የጃቫስክሪፕት ደረጃ ነው። በኋላ ላይ ኤክስፕረሽኖች ዘመናዊ ሞተር ሲያገኙ ስክሪፕቱ በአሮጌው ቀርቷል። ከድረ ገጽ ሥራ የመጣ ፕሮግራመር የለመዳትን ፎርኢች ሲጽፍ ፕሮግራሙ አላውቃትም ይለዋል።

ሥራው ሲነገር አጭር ነው። ስክሪፕቱ የተከፈተው ነገር ኮምፖዚሽን መሆኑን ያጣራል፣ የተመረጡትን ሌየሮች ይሰበስባል፣ ከላያቸው «▼ ሎጎ» የሚል ባዶ ናል እንደ ርዕስ ያስቀምጣል፣ ለሁሉም አንድ የሌብል ቀለም ይሰጣል። ርዕሱ ተመርጦ በስክሪፕቱ ፓነል ያለው ቁልፍ ሲጫን ቀስቷ ወደ «▶» ትዞርና አባላቱ ይሰወራሉ። ይህ ሁሉ እንደ አንድ እርምጃ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ ሐሳቡን የቀየረ ተጠቃሚ ኮንትሮል ዜድን በሌየሮቹ ቁጥር ልክ ሲደበድብ ይውላል።

ራስ ምታቱ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈት ስክሪፕቱ የትኛው ሌየር የየትኛው ቡድን እንደሆነ በምን ያውቃል? በተራ ቁጥር እንዳይሆን፣ አንድ ሌየር ከላይ ሲጨመር ሁሉም ይዛባል። በስም እንዳይሆን፣ ስም ሰው በፈለገ ጊዜ ይለውጠዋል፣ ሁለት ሌየሮችም አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ። የማይለዋወጥ የሌየር መለያ ቁጥር ለስክሪፕት የተከፈተው በስሪት 22 ነው። ከዚያ በፊት ሁነኛው መጠለያ የኮሜንት ዓምዱ ነበር፤ የቡድኑ ስም እዚያ ይጻፋል፣ ከፋይሉም ጋር ይጓዛል። መለያ ቁጥሩ ከመጣ በኋላም ኮሜንቱ የሚናቅ አይደለም። ሌየር ሲባዛ ኮሜንቱ አብሮ ስለሚባዛ ቅጂው ሳይጠየቅ ቡድኑን ይቀላቀላል፤ በመለያ ቁጥር ብቻ የተያዘ ቡድን ግን ቅጂው አዲስ ቁጥር ስለሚያገኝ አያውቀውም። ዋጋውም አለ፦ ኮሜንት ላይ የራሱን ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ካለ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ያቺ ባዶ ናል እንኳ እንደምትመስለው የዋህ አይደለችም። ብዙ አኒሜተሮች ፊደላትን ተራ በተራ ለማስገባት መዘግየቱን ከሌየሩ ተራ ቁጥር ጋር የሚያባዛ ኤክስፕረሽን ይጽፋሉ፤ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ፍሬም። ከላያቸው አንድ ርዕስ ሲገባ ሁሉም በአንድ ቁጥር ይወርዱና አጠቃላዩ እንቅስቃሴ በሁለት ፍሬም ይዘገያል። በድምፅ ምት ላይ የተሰካ ሥራ ከሆነ ጆሮ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ምንም ኪፍሬም ሳይነካ ለምን እንደተዛባ ማግኘት ግን ግማሽ ቀን ይበላል። ጥንቁቅ ስክሪፕት ርዕሱን ከማስገባቱ በፊት ኤክስፕረሽኖቹን አይቶ ተራ ቁጥር የሚጠቅስ ካገኘ ያስጠነቅቃል።

የተበታተኑ አባላትን ሰብስቦ በአንድ ቦታ የሚደረድር ስክሪፕት ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ቱዲ ሌየሮች ከታች ወደ ላይ ስለሚደራረቡ ቅደም ተከተሉ ራሱ ምስሉ ነው። ከስሪት 23 በፊት ትራክ ማት (የሌላውን የሚታይ ክፍል የሚወስን) የሚሆነው ሌየር ከባለቤቱ በቀጥታ ከላይ መቀመጥ ነበረበትና በመካከላቸው የገባ ነገር ሁሉ ማቱን ይነጥቀው ነበር። አባላትን ባሉበት ትቶ በቀለምና በስውርነት ብቻ ማሰባሰብ ለዓይን ያን ያህል ባያምርም ከዚህ ጣጣ ይገላግላል።

በአማርኛ ስም ለሚሠሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ሌየሮችን በቅድመ ስማቸው የሚመድቡ ስክሪፕቶች «ዳራ_ሰማይ»ንና «ዳራ_ተራራ»ን አይተው «ዳራ» የሚል ቡድን መፍጠር አለባቸው። ብዙዎቹ ግን ከሰረዙ (_) በፊት ያለውን ቃል የሚፈልጉት «የቃል ፊደል» በሚለው የጃቫስክሪፕት ምልክት ነው፤ እሱ የሚያውቀው የላቲን ፊደላትን፣ ቁጥርንና ሰረዝን ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ስህተት አያሳይም፣ ዝም ብሎ ምንም አይሠራም። መፍትሔው የአንድ መስመር ለውጥ ነው፦ «ፊደል የሆነውን» ከመፈለግ «ሰረዝ ያልሆነውን» መፈለግ። በኮዱ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ከሆነም ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ማስቀመጥ ከኋላ ለቅሶ ያድናል።

ፋይሉ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ስክሪፕቱ ላይኖር ይችላል። የታጠፈው ቡድን እንደታጠፈ ከደረሰው ሃምሳ ሌየር ያያል፣ ምስሉ ግን የመቶ ሃያ ነው። የተሰወሩትን የሚያወጣው የታይምላይኑ ዋና የሻይ ማብሪያ እዚያው ቢሆንም ያልለመደ ሰው አያስታውሰውም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች በፓነሉ ላይ «ሁሉንም ዘርጋ» የሚል ቁልፍ ይጨምራሉ፤ ሁሉንም ሌየር ከስውርነት ያወጣል፣ አባል ያልቀራቸውን ርዕሶች ይሰርዛል፣ ቀለሙንና ኮሜንቱን ግን እንዳሉ ይተዋል።