በር ላይ መመለስ

በሲያትል አቅራቢያ፣ በቱክዊላ ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ አካባቢ ያሉ ደንበኞቼ፣ ሱቆችም ሆኑ እድሮች፣ በስማቸው የኢሜይል አድራሻ አውጥተዋል። ደብዳቤው የሚነበበው ግን በጸሐፊው ወይም በገንዘብ ያዡ ጂሜይል ነው። መሀል ላይ ከአንዱ ተቀብሎ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሰርቨር አለ። እንጀራዬ እሱን መጠበቅ ነው።

ከውጭ ሲያዩት የመጣውን ማሳለፍ ብቻ ይመስላል። ጂሜይል ግን አስቀድሞ የሚመዝነው ደብዳቤውን በሩ ድረስ ያመጣለትን ሰርቨር ነው። የአጭበርባሪ ደብዳቤ ሳላጣራ ካሳለፍኩ፣ በጂሜይል ዓይን አጭበርባሪው እኔ ነኝ። የሰርቨሩ ስም አንዴ ከጠፋ ደግሞ ጦሱ ለሁሉም ይተርፋል፤ በአንድ ሱቅ አድራሻ የገባ ቆሻሻ የእድሩን የለቅሶ መልእክት ከአይፈለጌ መልእክቶች ጋር ያስጥለዋል። ቀብሩ ነገ ሆኖ መልእክቱ ከሳልስት በኋላ ቢገኝ ለማን ይበጃል? ስለዚህ መጥፎውን ደብዳቤ ካስገቡ በኋላ ከማባረር በር ላይ መመለስን አስቀድማለሁ።

ሁለት ሰርቨሮች ሲገናኙ መጪው መጀመሪያ ማንነቱን ይናገራል፤ ቀጥሎ ከማን ለማን እንደያዘ፤ በመጨረሻም ደብዳቤውን ያወርዳል። እኔ የምመልሰው በቁጥር ነው። 250 ካልኩ ተቀብያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ኃላፊነት የእኔ ነው። 450 ካልኩ «ቆየት ብለህ ተመለስ» ማለቴ ነው፤ ትክክለኛ ሰርቨር ይመለሳል፣ በጥድፊያ የሚረጭ የስፓም ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። 550 ካልኩ በሩ ተዘግቷል፤ ጸሐፊውን «አልደረሰልህም» ብሎ የመንገር ዕዳው የላኪው ሰርቨር ነው። ማጣራቱ ሁሉ ታዲያ 250 ከማለቴ በፊት ማለቅ አለበት፤ አድራሻው በእርግጥ አለ ወይ፣ መጪው እንደ ስፓምሃውስ ባሉ ጥቁር መዝገቦች ሰፍሯል ወይ፣ ይዘቱስ ምን ይመስላል።

የተጠራጠሩትን ተቀብለው በዝምታ የሚጥሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም። ደብዳቤው በስህተት ከተጣለ ላኪው ደርሷል ብሎ፣ ተቀባዩ አልተላከልኝም ብሎ ይኮራረፋሉ። ተቀብሎ ኋላ መመለስ ደግሞ የባሰ ነው፤ የላኪው አድራሻ የተሰረቀ ከሆነ ምላሹ የሚዘንበው ምንም በማያውቅ ሰው ላይ ነው። እዚሁ ሲያትል ይኖር የነበረው ሮበርት ሶሎዌይ ስፓሙን ሲበትን የነበረው የሌሎችን አድራሻ በላኪነት እያስመሰለ ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 ተይዞ በጁላይ 2008 የ47 ወር እስራት ተፈረደበት። የዋሽንግተን ግዛት መነሻውን የደበቀ ወይም ርዕሱ የሚያሳስት የንግድ ኢሜይልን የከለከለችው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1998 ነበር።

የላኪ ማንነት የሚጣራው በሦስት መንገድ ነው። ኤስፒኤፍ በዶሜኑ (በአድራሻው ከ@ ቀጥሎ ባለው ክፍል) ስም እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዝርዝር ያያል፤ ዲኪም ደብዳቤው ላይ ያረፈውን ዲጂታል ፊርማ ይመረምራል፤ ዲማርክ የሁለቱን ውጤት ተቀባዩ ከሚያየው የላኪ አድራሻ ጋር ያስተያያል። ማሻገር የመጀመሪያውን ይሰብራል፤ የእኔ ሰርቨር በላኪው ዝርዝር ውስጥ የለምና። ኤስአርኤስ በሚባለው ዘዴ የመመለሻ አድራሻውን በራሴ ዶሜን ስለምተካ ኤስፒኤፍ ያልፋል፤ ለዲማርክ ግን አይረዳም። ዲማርክን የሚያሳልፈው የዲኪም ፊርማ ነው፤ ያውም ደብዳቤው ካልተነካ። አንድ የእድር ጸሐፊ «ልጄ፣ በቀላሉ እንድንለየው ርዕሱ ላይ የእድሩን ስም ጨምርበት» ብለውኝ ነበር። «ጋሼ፣ ርዕሱን ከነካሁት ፊርማው ይፈርሳል፤ የባንካችሁ ደብዳቤም ላይደርስ ይችላል» አልኳቸው። ጂሜይላቸው ላይ ለእድሩ አድራሻ መለያ አበጀንላቸውና ነገሩ አለቀ።

ፊርማው ትክክል ነው ማለት ላኪው ቅን ነው ማለት አይደለም። ወገኖቻችን ላይ የሚያነጣጥረውን የዲቪ ደብዳቤ ተመልከቱ። «ዲቪ ደርሶዎታል፣ ክፍያውን በዚህ ስም ይላኩ» ይላል። የላኪው ስም የመንግሥት ይመስላል፤ አድራሻው ግን ማንም የሚከፍተው ተራ ኢሜይል ነው። ከዚያው ኢሜይል በትክክል ስለተላከም ሦስቱንም ፈተና ያልፋል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲቪ መድረሱን በኢሜይል አያበስርም፤ አመልካቹ ራሱ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ገብቶ በማረጋገጫ ቁጥሩ ያያል። ስለዚህ በስሙ የአሜሪካ መንግሥት ነኝ እያለ አድራሻው በነጥብ ጎቭ የማያልቀውን 550 ብዬ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ያለውን ማጣሪያ የሚጽፈው ሕዝቡ በምን እንደሚጠመድ የሚያውቅ ሰው ነው።

አደጋው በደንበኛ በኩልም ይመጣል። ቂም የያዘ ሰው የደብዳቤ ጎርፍ ወደ ጠላቱ ሣጥን ሊያዞር ይችላል። ለዚህ ነው አዲስ መዳረሻ ሲመዘገብ የሣጥኑ ባለቤት የማረጋገጫውን ሊንክ ሳይጫን አንዲት ደብዳቤ የማላሳልፈው። ደንበኞች መዘግየቱን አይወዱትም፤ እኔም አልለቅም።

ጉግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ቁጥጥራቸውን አጥብቀዋል። ጉግል ለላኪዎች ያወጣው ደንብ፣ ተቀባዮች አይፈለጌ ያሉት ደብዳቤ 0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። እኔም ልኩን እጠብቃለሁ፤ በቀን ሦስት መቶ ደብዳቤ ለሚያሻግር ሰርቨር አንድ ሰው አንዴ «አይፈለጌ» የሚለውን ቁልፍ ቢጫን ልኩ ታለፈ ማለት ነው። ስለዚህ በእድራችሁ ወይም በሱቃችሁ አድራሻ በኩል ቆሻሻ ሲደርሳችሁ፣ «አይፈለጌ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት አድራሻውን ለሚጠብቅላችሁ ሰው ደብዳቤውን እንዳለ አሳዩት። በሚቀጥለው ጊዜ በር ላይ የሚመልሰው እሱ ነው።