«በየ100 ቀኑ እጥፍ»፦ ባለሀብቶችን ያሳሳተው ቁጥር

እስቲ መጀመሪያ ካልኩሌተር አውጡ። አንድ ነገር በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ቢያድግ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንት ይሆናል? 8 እጥፍ። በየ100 ቀኑ እጥፍ ቢሆንስ? ወደ 2,000 እጥፍ ይጠጋል! ሁለቱንም «እጥፍ እየሆነ ነው» እንላቸዋለን፤ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ባለሀብቶች ያመኑት ሁለተኛውን ነበር። የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ሳይቀር በ1998 ባወጣው ሪፖርት የኢንተርኔት ትራፊክ በየ100 ቀኑ እጥፍ እንደሚሆን ጻፈ። ቁጥሩ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። በ1995 እና በ1996 እድገቱ በእርግጥም እንዲህ ፈጣን ነበር። የኤቲ ኤንድ ቲ ተመራማሪዎቹ ኬሪ ኮፍማንና አንድሪው ኦድሊዝኮ መረጃውን ሰብስበው ሲያሰሉ ግን፣ ከ1997 ጀምሮ እድገቱ በዓመት አንድ ጊዜ እጥፍ ወደመሆን ወርዶ ነበር። ይሄም ቢሆን ትልቅ እድገት ነው። ነገር ግን ለ2,000 እጥፍ ተብሎ የተቀበረ ፋይበር 8 እጥፍ ብቻ ሲመጣለት ምን ይሠራል? አፈር ውስጥ ጨለማውን ይዞ ይቀመጣል።

ታዲያ ሰው ፈጣን ኢንተርኔት አልፈለገም ማለት ነው? እዚህ ላይ ነው ትችቴ። ባለሀብቶቹ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ጆንያ ውስጥ ከተቱ፦ በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን መረጃ፣ የሰዎችን ፍላጎት፣ እና ሰዎች ዛሬ ከፍለው ሊያገኙ የሚችሉትን።

ፍላጎቱማ ነበረ። በ56 ኪሎቢት የስልክ ሞደም 5 ሜጋባይት የሆነ አንድ ዘፈን ለማውረድ ቢፈጥን 12 ደቂቃ ይፈጃል፤ የቤቱ ስልክም እስከዚያው ይያዛል። ይህን የሚወድ ማን ነው? ሆኖም ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2000 ሲጠይቅ፣ ከ100 አሜሪካውያን አዋቂዎች ቤታቸው ብሮድባንድ ያላቸው 3ቱ ብቻ ነበሩ። ፋይበሩ ከከተማ ከተማ ተዘርግቷል፤ ከሰፈር እስከ ቤት ያለችው የመጨረሻዋ መንገድ ግን አሁንም አሮጌ የስልክ ሽቦ ናት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ደንበኛ ማግኘት ብቻውንም አላዳነም። በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ኢንተርኔት ያቀርብ የነበረው አት ሆም በ1999 ኤክሳይት የተባለውን ድረ ገጽ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ገዛ። በ2001 ከ3 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እያሉት ከሰረ። በ2002 ግሎባል ክሮሲንግ የተባለው የፋይበር ኩባንያ ሲወድቅ፣ የጡረታ ቁጠባቸውን በድርጅቱ አክሲዮን ያስቀመጡ ሠራተኞችም አብረው ወደቁ። የተሳሳተ ቁጥር ዕዳው የሚከፈለው እንዲህ ነው።

ከውድቀቱ በኋላ የመጣው ስህተት ደግሞ የመጀመሪያው ግልባጭ ነበር፤ «ሸማቹ ብሮድባንድ አያስፈልገውም» የሚሉ በዙ። በዚያው ሰዓት ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኩባንያዎች በዋጋ እየተፎካከሩ ነበር፤ ሰዉ አፓርታማ ላይ አፓርታማ ተደራርቦ ስለሚኖር መስመር መዘርጋቱ ቀላል ነው፤ ወጣቱም በየኢንተርኔት ቤቱ ስታርክራፍት ሲጫወት ፍጥነትን ለምዷል። አገሪቱ በብሮድባንድ ስርጭት ዓለምን መራች። አሜሪካም ብትሆን ቆይቶ ደረሰች፤ ዩቲዩብ በ2005 ሲመጣ ብዙ ቤት ፈጣን መስመር ገብቶ ነበር።

ስለዚህ ፍላጎት እንደ ተራራ ከፍታ አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ዋጋው ሲረክስ፣ መስመሩ ቤት ድረስ ሲገባ፣ የሚሠራበት ነገር ሲገኝ ያድጋል። ዛሬም ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ «እጥፍ እየሆነ ነው!» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ያኔ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ በስንት ጊዜ? ማን ለካው? የለካው ሰውስ ከቁጥሩ ምን ያተርፋል?