አዲስ ሞዴል ሁሉ አዲስ ካሜራ ነውን?

ካሜራ ሠሪ ኩባንያዎች አዲስ ሞዴል ባወጡ ቁጥር በገዢው ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «የያዝሁት አርጅቷልን?» የሚል ነው። እኛ ጥያቄው በዚህ መልክ መቅረቡን እንነቅፋለን። የአዲሱ ሞዴል መውጫ ጊዜ የሚወሰነው በኩባንያው የንግድ አሳብ ሲሆን፣ የአሮጌው መብቃትና አለመብቃት የሚታወቀው ግን በባለቤቱ ሥራ ነው።

ነገሩን ከታሪኩ እንጀምር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የጃፓኑ ኒኮን ለባለሙያዎች የሠራውን ኒኮን ኤፍን በ1959 ካወጣ በኋላ፣ ተከታዩን ኤፍ 2ን በ1971፣ ኤፍ 3ን ደግሞ በ1980 አወጣ። በአንጻሩ ሶኒ አርኤክስ 100 የተባለችውን የኪስ ካሜራ በ2012 አውጥቶ፣ እስከ 2016 ድረስ በየዓመቱ ተተኪ እያከታተለ አምስት አደረሳት።

የዚህ ልዩነት ምክንያት የነጋዴ ስግብግብነት ብቻ ነው ማለት አይገባም። ቀድሞ ብርሃኑን የሚቀበለው ፊልም ስለ ነበረ፣ ፊልም በተሻሻለ ጊዜ ባለ አሮጌው ካሜራ አዲሱን ፊልም አጉርሶ የዕድገቱ ተካፋይ ይሆን ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ከካሜራው አካል ጋር አንድ ሆኖ ስለሚሠራ፣ እርሱን ለመለወጥ ሁሉንም መለወጥ ግድ ሆነ። ስለዚህ ሴንሰር ገና በፍጥነት ይሻሻል በነበረበት ዘመን ቶሎ ቶሎ መለወጡ በቂ ምክንያት ነበረው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድገት ደግሞ በቁጥር እንፈትነው። ካኖን በ2005 ያወጣው 5ዲ 12.8 ሜጋፒክስል ነበረው፤ በ2016 የወጣው አራተኛው ትውልድ 30.4 አለው። ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን ነጥቦቹ በወርድም በቁመትም ስለሚከፋፈሉ፣ በአንዱ ጎን ብቻ ቢለካ ጭማሪው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። 30 በ20 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ አድርጎ ለማተም 8.4 ሜጋፒክስል ያህል ይበቃል፤ የ2005ቱ ካሜራ ይህን አሟልቶ ያልፋል።

ይህን ስንል መሻሻል የለም ማለታችን አይደለም። የሚሮጥ ሰው ወይም የሚበር ወፍ ተከታትሎ አጥርቶ የማንሣት ችሎታ በእውነት አድጓል፤ ሥራው ይህ የሆነ ሰው ቢለውጥ አይነቀፍም። ሆኖም ማሻሻያ ሁሉ አዲስ ካሜራ እንደማይጠይቅ ኩባንያዎቹ ራሳቸው አሳይተዋል። ኒኮን በ2021 ላወጣው ዜድ 9 በ2022ና በ2023 በፕሮግራም ማሻሻያ ብቻ፣ ያለ ክፍያ፣ አዳዲስ ችሎታዎች ጨምሮለታል።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ካሜራ የሚለወጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ተበላሽቶ መጠገኛው ዋጋ ከጥቅሙ ሲበልጥ ነው። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ የሚፈልገውን ፎቶግራፍ ደጋግሞ ሲከለክለውና ጉድለቱም የእጅ፣ የብርሃን ወይም የሌንስ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ከዚህ ውጭ ለሆነ ተማሪ ገንዘቡ በሌንስ ላይ ቢውል ይሻላል። ካኖን በ1987 የጀመረው የኢኤፍ ሌንስ በ2018 በወጣው ኢኦኤስ አር ላይ በማገናኛ ይሠራል፤ በዚያ መካከል ስንት ካሜራ እንደ ተለወጠ አንባቢ ልብ ይበል።

በመጨረሻ ስለ ካሜራ አስተያየት ለሚጽፉት አንድ ነገር እናሳስባለን። አዲሱን ሞዴል ከትናንቱ ጋር ብቻ ማስተያየት ጥቃቅኑን ልዩነት ያገንነዋል። አሥር ዓመት ካገለገለ ካሜራ ጋር አቅርበው፣ ሁለቱ ያነሡትን በአንድ ልክ አሳትመው ቢያሳዩ፣ ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ ምን እንደሚያስገኝለት በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ ይችላል።