«ኦኬ» ስለሚባለው ቃል

ቃልም እንደ ሰው የትውልድ ስፍራና የኑሮ ታሪክ አለው። «ኦኬ» በቢሮም በትምህርት ቤትም እጅግ ከተዘወተሩት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ ስለ ሆነ፥ መነሻውን መርምረን አገባቡን ልንመዝን አስበናል።

ስለ መነሻው ብዙ ተብሏል። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአንዱ፥ ከቾክታው ቋንቋ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ፕሬዚዳንት ዊልሰንም ይህንኑ አምነው በዚያው አኳኋን ይጽፉት ነበር። ፕሬዚዳንት ጃክሰን የቃል አጻጻፍ ስለማያውቁ የፈጠሩት ነው የሚለው ግን የፖለቲካ ተቃዋሚዎች ያወሩት ፌዝ ነው። ነገሩን ያጣሩት አለን ዎከር ሪድ የተባሉ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ ናቸው። እርሳቸው በ1963 እና በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ ቃሉ ማርች 23 ቀን 1839 እ.ኤ.አ. በቦስተን ከተማ ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። የዚያ ዘመን ጋዜጠኞች ቃላትን አውቀው አበላሽተው መጻፍን፥ ከዚያም የመጀመሪያ ፊደሎቻቸውን ብቻ መውሰድን ቀልድ አድርገውት ነበር። ስለዚህ «ሁሉም ትክክል ነው» ማለት የሆነው «ኦል ኮሬክት»፥ «ኤ» በ«ኦ»፥ «ሲ» በ«ኬ» ተለውጠው «ኦኬ» ሆነ። በ1840 የማርቲን ቫን ቢዩረን ደጋፊዎች፥ በትውልድ መንደራቸው ስም «ኦልድ ኪንደርሁክ»፥ ማለት ሽማግሌው ኪንደርሁክ፥ ይሏቸው ነበርና ሁለቱን ፊደሎች የማኅበራቸው መጠሪያ አደረጓቸው። ቫን ቢዩረን በምርጫው ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን አሸነፈ።

እንግዲህ ትክክለኛነትን የሚመሰክረው ቃል ራሱ ከስሕተት መወለዱ ያስገርማል። ከዚህ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የትርጕሙ መላላት ነው። «ምግቡ ኦኬ ነው» ያለ ሰው አመሰገነ ወይስ አልከፋም አለ? ይህ ለጨዋታ አይጎዳም። ሹም በማመልከቻ ግርጌ «ኦኬ» ብሎ ሲፈርም ግን፥ አየሁት ማለቱ ነው? ተስማማሁ ነው? ወይስ ይፈጸም ነው? መዝገብ ቤቱ አንዱን፥ ገንዘብ ያዡ ሌላውን ሲረዳ፥ በመካከል የሚጉላላው ባለጉዳዩ ነው።

አማርኛችን ግን ለየሐሳቡ የተለየ ቃል አለው፤ ይኸውም «ታይቷል»፥ «ተስማምቻለሁ»፥ «ተፈቅዷል»፥ «ይፈጸም» የሚለው ነው። ሆኖም በባዕድ ቃል ብቻ ማመካኘት ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። አባቶቻችን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው ያከበሩት ቃል፥ በእኛ እጅ «እሺ፥ ነገ» እየተባለ የቀጠሮ ማራዘሚያ ሆኗልና። ስለዚህ የምንነቅፈው የቃሉን ባዕድነት ሳይሆን አሻሚነቱን ነው። በወዳጆች ጨዋታ «ኦኬ» ይኑር፤ የሰው መብት በሚወሰንበት ወረቀት ላይ ግን ያሰብነውን ለይቶ የሚገልጥ ቃል እንጻፍ።