«ጥርት ያለ ሰማይ»፤ ስለ አንድ የመኪና ሬዲዮ መመሪያ ትርጉም የቀረበ ሂስ

ለዚህ ሂስ መነሻ የሆነው ጽሑፍ የጥቂት ገጾች ረቂቅ ነው። በአሜሪካ የመኪና ዕቃ በመግጠም ሥራ የሚተዳደሩ አንድ የጎንደር ተወላጅ፣ በባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ላይ የሳተላይት ሬዲዮና አንቴናው እንዴት እንደሚገጠሙ የሚያስረዳ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሰው፣ ጎንደር ከተማ ጋራዥ ላላቸው ታናሽ ወንድማቸው ላኩላቸው። ባለጋራዡም ቋንቋውን እንድናይላቸው ረቂቁን ሰጡን። ተርጓሚው ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም፤ እኛም አንጠቅስም። የሙያ ሰው ስለ ሙያው በአማርኛ ለመጻፍ መነሣቱ ዘወትር የምንመኘው ነገር ስለ ሆነ፣ ከሂሳችን አስቀድሞ ምስጋናችንን እናቀርባለን።

ከስድስት ሺህ ማይል ባሕር ማዶ ያለ የሬዲዮ አገልግሎት መመሪያ ለጎንደር ጋራዥ ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ዛሬ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ላይ የሚገጠመው የአቅጣጫ መከታተያም ከሳተላይት ጋር የሚሠራ አንቴና አለው፤ የአገጣጠሙ ደንብም በአብዛኛው አንድ ነው። ባለጋራዡ ረቂቁን ለሥራ ተማሪዎቻቸው ማስተማሪያ ሊያደርጉት አስበዋል። ስለዚህ የቃሉ ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ወደ ሥራ ይተላለፋል።

ጉዳዩም ለአገራችን ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለዱት ኖህ ሳማራ እ.ኤ.አ. በ1990 ወርልድ ስፔስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው፣ «አፍሪስታር» የተሰኘችው ሳተላይት ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ወደ ኅዋ ተላከች። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ21 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆማ ለአፍሪካ ስታሠራጭ፣ ከጎንደር ሆኖ ለሚያዳምጣት ሰው በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኝ ነበር። ድርጅቱ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. በኪሳራ ምክንያት የሕግ ጥበቃ ጠየቀ፤ አገልግሎቱም ከዚያ በኋላ አልቆየም። በምሥረታው ጊዜ ወርልድ ስፔስ ገንዘብ ያስገባበት የአሜሪካው ኤክስ ኤም ግን በ1994 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ከተወዳዳሪው ከሲሪየስ ጋር ተዋሐደ። ረቂቁ የሚናገረው ስለዚህ የመኪና አገልግሎት ነው። እንግዲህ የቃላቱ ጥያቄ ለአማርኛ ቢያንስ ሩብ ምእት ዓመት የዘገየ መሆኑ ነው።

፩. ሰማይ መጥራቱና ሰማይ አለመጋረዱ

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ከሁሉ አምሮ በተጻፈው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል። ረቂቁ «አንቴናው ጥርት ያለ ሰማይ በሚታይበት ቦታ ይገጠም» ይላል። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ለጆሮም የሚጥም ነው። ነገር ግን በአማርኛ ሰማይ ጠራ ማለት ደመናው ተገፈፈ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ሐሳብ ደግሞ ከአንቴናው በላይ የሚጋርድ ነገር አይኑር የሚል ነው። ተርጓሚው ለቃሉ ቃል ሰጥተዋል፤ ሐሳቡ ግን በመንገድ ቀርቷል።

ዐረፍተ ነገሩን በጋራዡ ውስጥ ጮኽ ብለን ባነበብን ጊዜ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ «እንግዲያው ሐምሌና ነሐሴ አይሠራም ማለት ነዋ!» አለን። ልጁ አልተሳሳተም፤ የተጻፈውን በትክክል ተረድቷል። ይህን እንዲያምን የሚያደርግ ልምድም አለው። የቤት ቴሌቪዥን ዲሽ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ሥዕሉ እንደሚቆራረጥ ያውቃል። ዲሹ በብዛት የሚቀበለው ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሆነ ሞገድ ስለ ሆነ ዝናብ ያዳክመዋል። የመኪናው የሳተላይት ሬዲዮ ግን በ2.3 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ነው፣ አፍሪስታርም በ1.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ትሠራ ነበር፤ በነዚህ ላይ ደመናና ዝናብ የሚያደርሱት ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው። የሚጎዳቸው ሕንፃ፣ ገደል፣ ዋሻና ቅጠሉ የበዛ ዛፍ ነው። ስለዚህ የተሳሳተው ትርጉም ባለሙያውን ደመናውን እንዲፈራና ዛፉን እንዲንቅ ያስተምረዋል። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሾፌር መጨነቅ ያለበት ግን ስለ ጉሙ ሳይሆን ስለ ገደሉ ነው።

ተርጓሚው በሌላ ገጽ ለዚሁ ሐሳብ «መስመረ ርእይ» የሚል የግእዝ ጥምር ፈጥረዋል። አማርኛ ግን ለዚህ አዲስ ስም አያስፈልገውም፤ ግሥ አለው። «አንቴናውና ሳተላይቱ መተያየት አለባቸው» ቢባል ነገሩ ሁሉ ተነገረ። በመካከላቸው የሚጋርድ ካለ አይተያዩም፤ ካልተያዩ ድምፁ ይቋረጣል። የመደራረግ ግሣችን በአንድ ቃል የሚሸከመውን፣ እንግሊዝኛ በሦስት ቃላት ስለ ተናገረው ብቻ በሁለት ስሞች ልንተካው አይገባም። ተርጓሚዎቻችን ለስም ስም መፈለጋቸው የዘመናችን ዋና ድካም ይመስለናል።

፪. «ሞገድ አጥማጅ»

ረቂቁ አንቴናን በመጀመሪያው ገጽ «አንቴና» ብሎ፣ ከሦስተኛው ገጽ ጀምሮ «ሞገድ አጥማጅ» ይለዋል። ይህ ስያሜ በሦስት ምክንያቶች አይጸናም። አንደኛ፣ «አጥማጅ» አድራጊውን ሰው የሚያመለክት ቅርጽ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ ሰው እንጂ መረብ አይደለም። ለመሣሪያ የሚሆነው «ማጥመጃ» ነበር። ሁለተኛ፣ አንቴና መቀበያ ብቻ ሳይሆን መላኪያም ነው፤ የማሠራጫ ጣቢያው አንቴና ምን ያጠምዳል? ሦስተኛ፣ ገበሬውም ተማሪውም አንቴና የሚለውን ቃል አውቆታል።

የቃሉ ታሪክም ያስተምረናል። በላቲን አንቴና የመርከብ ሸራ የሚወጠርበት አግዳሚ እንጨት ነበር። በ15ኛው ምእት ዓመት የአርስጣጣሊስን የእንስሳት መጻሕፍት ወደ ላቲን የመለሰው ቴዎዶሮስ ጋዛ፣ ግሪኩ «ቀንድ» የሚለውን የነፍሳት አካል በዚህ ቃል ተረጐመው። ወደ ሬዲዮ የገባው ደግሞ ማርኮኒ ሽቦውን ከድንኳን ምሰሶ ላይ በመስቀሉ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ምሰሶው በጣሊያንኛ አንቴና ይባላልና። እኛም ያን ለስላሳ ፍጥረት «ቀንድ አውጣ» ስንለው ዐይናችን ያየው ግሪኮች ያዩትን ነው። እንግዲህ አንቴና ለሬዲዮው ጸንቶ ሳለ፣ በሥነ ሕይወት መጻሕፍት ለነፍሳቱ «ቀንድ» ብንል ሁለቱን ነገሮች ለመለየት ይመቸናል። መፍጠር የሚያስፈልገው ክፍተት ባለበት እንጂ ቃሉ በጸናበት ቦታ አይደለም።

በዚሁ ገጽ ሳተላይትን «መንኮራኩር» ማለታቸውም አይደገፍም። መንኮራኩር በግእዝ የሠረገላ እግር ሲሆን፣ በዘመናችን ወደ ኅዋ የሚጓዘውን ማለትም ሰው የሚሳፈርበትን ጭምር ሊያመለክት ትርጉሙ ተዛውሯል። በአንድ ስፍራ ቆሞ ድምፅ የሚያሠራጨውን «ሳተላይት» ብሎ መተው ይሻላል።

፫. መሬት፣ ማሳና ላሜራ

ረቂቁ «ጥቁሩ ሽቦ ወደ መሬት ይታሰር» ይላል። በቤት ኤሌክትሪክ ይህ እውነት ነው፤ ሽቦው አፈር ውስጥ ይቀበራል። መኪና ግን በጎማ ላይ የቆመች ናት። ሽቦው የሚታሰረው ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር ከተያያዘው የመኪናው ብረት ጋር ነው። የጎንደር ባለሙያ ይህን «ማሳ» ይለዋል፤ ቃሉ የጣሊያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጣሊያን በጎንደር በቆየበት ጊዜ ከመንገዱና ከከባድ መኪናው ጋር ቃሉም መጣ፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ፖርቶመጋላ፣ ባሌስትራ ሁሉ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። «ማሳ» በገጠር የእርሻ ቦታ ስለ ሆነ ያደናግራል የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር። በጋራዥ ውስጥ ሽቦ ይዞ ስለ ጤፍ ማሳ የሚያስብ ግን የለም። ዐውድ የሚለየውን መዝገበ ቃላት ሊፈራው አይገባም፤ ፩ኛና ፪ኛ ብሎ ይመዝግበው።

ከዚህ የባሰው «የምድር ሜዳ» የተባለው ነው። እዚህ የተፈለገው ከአንቴናው ሥር ሆኖ ሞገዱን በሚገባ እንዲቀበል የሚያግዘው የብረት ገጽ ነው። በተራ መኪና ጣራው ራሱ ብረት ስለ ሆነ ነገሩ ሳይታሰብ ይሟላል፤ የአንቴናውም ማግኔት ብረቱ ላይ ይጣበቃል። የስፖርት መኪና ግን ጣራው የሚታጠፍ ሸራ ሊሆን ይችላል። እንደ ኮርቬትም ያለው እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ አካሉ ከፋይበርግላስ የተሠራ ነው። በዚያ ላይ ማግኔቱ አይዝም፤ ብረት ካልተነጠፈለትም አንቴናው ይደክማል። የመመሪያው ፍሬ ነገር ይህ ሆኖ ሳለ፣ «በፋይበርግላስ መኪና የምድር ሜዳ ይጨመር» ተብሎ ሲነበብ ከባለሙያዎቹ አንዱም አልገባውም። «አንቴናው የሚቀመጥበት ላሜራ» ባልን ጊዜ ግን ገና ሳንጨርስ ስንት በስንት እንደሚቈረጥ ጠየቁን። ላሜራም የጣሊያን ቃል ነው፤ ነገር ግን በእጃቸው ያለ ቃል ነው።

፬. ስለ ቀሪዎቹ በአጭሩ

«የጭንቅላት ክፍል» የተባለው በዳሽቦርዱ መካከል ያለው መሣሪያ ነው። ሕዝቡ ካሴት ከጠፋ በኋላም «ቴፕ» ይለዋል፤ እንዲሁ ይባል። «የስፖርት መኪና» ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የስፖርት ቡድን የሚያጓጉዝ መኪና ሊመስል ይችላልና በመጀመሪያ ሲጠቀስ «ለፍጥነት የተሠራች ዝቅ ያለች መኪና» የሚል ማብራሪያ ይከተለው። «የሳተላይት ሬዲዮ» ደግሞ በረቂቁ አንዴ አገልግሎቱን፣ አንዴ ዕቃውን ይጠራል። ለአገልግሎቱ «በሳተላይት የሚሠራጭ ሬዲዮ»፣ ለዕቃው «የሳተላይት ሬዲዮ መቀበያ» ብንል ይለያያሉ።

የዚህ ሂስ አቅራቢም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደለም። በወጣትነቱ በአንድ የስያሜ ጉባኤ ተቀምጦ፣ ጋራዥ ሳይረግጥ ለጋራዥ ዕቃዎች ከግእዝ ስም ሲያወጣ ነበር። ቃላቱ ሥርወ ቃላቸው የጠራ፣ እርባታቸው የተስተካከለ ነበረ። ሆኖም ከወረቀቱ ሲወጡ አላየናቸውም። ተርጓሚው ግን የሙያውን ቃል ከልጅነታቸው ያውቁት ነበር፤ «ማሳ» ሲሉ አድገው «መሬት» ብለው የጻፉት፣ የጋራዥ አማርኛ ለመጽሐፍ አይበቃም ብለው ስለ ሰጉ ይመስለናል። ይህን ስጋት ያሳደርንባቸው እኛ የቋንቋ ሰዎች ነን።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። የሙያ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃል ከመፍጠራቸው በፊት ባለሙያው የሚለውን ከነአነባበቡ ይመዝግቡ። የተተረጐመ መመሪያም ከመታተሙ በፊት ሥራውን ለሚሠራው ሰው ጮኽ ተብሎ ይነበብለት፤ የተረዳውንም በራሱ ቃል መልሶ ይናገር። ያ ወጣት «ሐምሌና ነሐሴ አይሠራም ማለት ነዋ» ባይለን ኖሮ፣ «ጥርት ያለ ሰማይ» የሚለውን እኛም አንብበን አድንቀን አልፈነው ነበር።