«ማሬ» እና «ስኳሬ»

«ስኳሬ ጨመረ» ያለን ሰው ፍቅር ያዘው ብሎ የሚጠረጥር የለም። ሐኪም ቤት ተለክቶ መምጣቱ ነው። «ማሬ» ያለውን ደግሞ ስንት ኪሎ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሁለቱም ጣፋጭ፣ ቅጥያቸውም አንድ፤ አንዱ በሽታ ሆኖ ቀረ፣ ሌላው ሰው ሆነ። «የኔ ስኳር» የሚል ባይጠፋም፣ አማርኛ ከልቡ አልተቀበለውም ባይ ነኝ። ስኳር ከሱቅና ከቀበሌ ወረፋ ጋር ነው የምናውቀው። ማር ግን ከአገሩ ጋር ነው ያደገው።

ወሎን ውሰዱ። ከኩታበር በስተሰሜን ያለው የአምባሰል ስም «አምባ» እና ማር ማለት የሆነው የዐረብኛው «ዐሰል» ተጋጥመው የወጣ ነው ይባላል። አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ስም ውስጥ መገናኘታቸው ለወሎ ሰው ብርቅ አይደለም፤ እዚያ ማሩም ለሁሉም ይደርሳል፣ ለሚጠጣ ጠጅ፣ ለማይጠጣ ብርዝ ሆኖ።

ወደ ዛሬው አፋችን እንምጣ። «ማር የሆነ ፊልም» ማለት አሪፍ ፊልም ነው። «አንደበቱ ማር ነው» ግን ሙገሳም ማስጠንቀቂያም ይሆናል፣ በተለይ እናት ለልጇ ስትናገረው። ባለሱቋ «ምን ልስጥህ የኔ ማር?» ስትል ደግሞ ማንም አይደነግጥም፤ «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» ነው ነገሩ።

አስቸጋሪው የመንገዱ ነው። የማያውቃት ልጅ ስታልፍ «ማሬ» የሚል ጎረምሳ አለ። ዝም ካለችው ያው አፍ በሁለተኛው ቃል ይሰድባታል። መዝገበ ቃላት «የፍቅር መጠሪያ» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም፣ ግን እርምጃዋን ያፈጠነችውን ልጅ አላያትም። እዚህ ጋ ቃሉ የሚለው «መልስ አለብሽ» ነው።

ማር ሁሉም ቦታ ይገባል ማለትም አይደለም። ፈረንጆቹ ከሠርግ በኋላ ያለውን ጊዜ በማርና በጨረቃ ሲጠሩት እኛ «ጫጉላ» ብለን አለፍነው፤ ጎጆው በቃን። በተቃራኒው፣ በሙያዬ እንደማደርገው በአንድ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ «ማር» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ብትፈልጉ ማርያም ትመጣለች፣ መማር ይመጣል፣ አማርኛ ራሱ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ጣዕም አያውቅም፣ ፊደል ነው የሚያየው።

ከሚመጡት ሁሉ ግን አንዱ ቁም ነገር አለው፦ «ማረ»፣ ይቅር አለ። ለታመመ «እግዜር ይማርህ»፣ ለሞተ «ነፍስ ይማር» የምንልበት ግስ ነው። ትእዛዙም ያው «ማር» ነው። ሰምና ወርቅ ለሚወድ ቋንቋ ይህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሲሳይ ነው።

ታዲያ የዘንድሮ ዘፈኖቻችን ምን አደረጉበት? ብዙዎቹ ውስጥ «ማሬ» ዜማ መሙያ ነው። አውጥታችሁ «ውዴ» ወይም «ፍቅሬ» ብትተኩበት ምንም አይበላሽም። ኮድ ውስጥ ስሙን ብትቀይረው ፕሮግራሙ ልክ እንደበፊቱ እንደሚሠራ ተለዋዋጭ ማለት ነው። ቅሬታዬ መደጋገሙ ላይ አይደለም፣ ሰው ሲዋደድ ይደጋግማል። የሚጠራው ሰው ግጥሙ ውስጥ የለም፦ ምን እንደሠራች፣ ለምን እንደተቆጣች፣ እሱ ምን እንዳጠፋ አንሰማም። ያጠፋ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ግጥሙ ራሱ መንገድ ያገኝ ነበር፤ ከ«ማሬ» እስከ «ማሪኝ» ያለው ርቀት ሁለት ፊደል ብቻ ነው።